የማኅተም እጅ

ሠላሳ አንድ ዓመት በቢቸና ፖስታ
ማኅተም ስመታ ነው የኖርሁት ጧት ማታ።
ደብዳቤው ሲመጣ፣ ደብዳቤው ሲሄድ፣
ጠረጴዛው ያውቃል ይህን የቀኝ ክንድ።
ጡረታ ወጣሁኝ፤ ማኅተሙም ከረመ፤
እጄ ሥራ ሲበዛ ሳይሆን ሲፈታ ደከመ።

በነሐሴ ጭቃ፣ ከደጄ ደፍ ላይ፣
አዳለጠኝና ተገለጠ ሰማይ።
እጄን ዘረጋሁኝ፣ መሬት ልትደግፈኝ፤
«ቀጭ» አለ አንጓዬ፤ ድምፁ ነው ያሳፈረኝ።
የደረቀ ጭራሮ! ሌላ ምን ልበል?
ስድሳ ስምንት ዓመት እንዲህ ነው የሚቀል?

ወጌሻው ጥጋቡ በቀርከሃ አሰረኝ፤
ሳምንት ሳይሞላው አብጦ ልጄ ማርቆስ ወሰደኝ።
ሐኪሙ ራጁን በመስኮት እያስተዋለ፣
«አጥንትዎ ሳስቶ ወንፊት መሰለ» አለ።
ዘመዶቼ «የነእገሌ አጥንት ነን» ብለው ሲኮሩ ኖሩ፤
ለራጅ ግን አንድ ነው፣ ዘር ቆጠሩ አልቆጠሩ።

«እንግዲያስ ልተኛ፣ ዳግም እንዳልሰበር፣
እንደ እንቁላል ልያዝ፣ ከቤት ሳልሻገር»
ብል፣ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ያለው ልጅ፣ ምንይችል፣
ሳቀብኝ፤ የገበሬ ልጅ ነው፣ ነገር ያውቃል፦
«በሬ ቀንበር ካጣ ሥጋ እንጂ ጉልበት የለው፤
አጥንትም እንደዚያ ነው፤ ሸክም ነው የሚያጸናው።»

ትእዛዙን ጻፈልኝ ከኪኒኑ ጋራ፦
ከበርጩማ ይነሡ፣ ይቀመጡ፣ ዐሥር ጊዜ በተራ፤
በጣትዎ ቁመው ተረከዝዎ ይውደቅ፣
መሬቱን ይንካ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይጨነቅ፤
በአንድ እግር ይቁሙ፣ ግድግዳ ተጠግተው፤
ሁለት የውኃ ላስቲክ አሸዋ ሞልተው
ያንሡ፤ ሲለምዱት ጥቂት ይጨምሩበት፤
ጎንበስ ብሎ ከባድ ማንሣት ግን፣ እሱን ይተዉት።

አሸዋውን ከብሎኬት አምራቹ ለመንሁ፤
«ምን ልትሠሪበት?» ሲለኝ «አጥንት» ብዬ ሳቅሁ።

ጮቄ በወዲያ ጉሙን ሳያወልቅ ገና፣
እኔ እቆማለሁ ከጓሮ፣ በቢቸና።
ደጊቱ በአጥር ቀዳዳ፦ «ኧረ ምን ነካሽ?
አባታችን ተክለ ሃይማኖትን ልትሆኝ ነው፣ በአንድ እግር ቆመሽ?»
«እሳቸው ሰባት ዓመት፤ እኔ ሰባት ሴኮንድ ቆምሁ፤
ስምንተኛዋ ላይ» አልኋት «ግድግዳውን ያዝሁ።»

ኅዳር ላይ ተውሁት። ቅልጥም ድረስ ሲቀዘቅዝ
ማን ይነሣል ከአልጋ አሸዋ ሊይዝ?
ዐሥራ አንድ ቀን ሰንፌ፣ በዐሥራ ሁለተኛው
ያው በርጩማ ዳገት ሆነ፤ እንዴት ቶሎ ነው ጉልበት የሚረሳው!
አለቀስሁ። ማንም አላየኝ። ተነሣሁ፣ አንድ።
ተቀመጥሁ። ተነሣሁ። ሁለት ስል ተንቀጠቀጠ ክንድ።

በዓመቱ ራጅ ተነሥቼ ሐኪሙ ቢያመዛዝን፣
«ብዙ አልጨመረም» አለኝ፤ «አልቀነሰም ግን።»

አልቀነሰም!
በዚህ ዕድሜ ያልቀነሰ ምን አለ?
ጥርሱ፣ ዓይኑ፣ የዕድሩ ሰው፣ ከኔ ጋር የተቀጠረው ሁሉ ጎደለ።
ይቺን ቃል ይዤ ገባሁ፣ ከአውቶቡሱ መስኮት ዳር፣
እንደ አደራ ደብዳቤ፣ በደረቴ፣ በነጠላዬ ሥር።

ትናንት ደጊቱ በአጥሩ በኩል፣ ፊቷን አዙራ፣
«አሸዋ ተርፎሽ ይሆን?» አለችኝ፣ እንደ ጨው ብድር ተዳፍራ።
ሰጠኋት። አልሳቅሁም። (በሆዴ ግን ሳቅሁ።)

ዛሬ ጧት ደግሞ ብቻዬን በጣቴ ቆምሁ፤
ተረከዜ ሲወርድ፣ መሬቱን ሲመታው፣ ዷ!
ያ የድሮው ድምፅ፣ ያ ጠረጴዛ፣ ያች የቀለም ጓዳ!
ዷ! ዷ! ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣
ከስሩ «ቢቸና» የሚለውን የከተማ ስሙን
እየመታሁ ነው በአፈሩ ላይ፣ በደከመ ተረከዜ፤
ማኅተሙ አርፎብኛል፤ ለመላክ ግን
ገና ነው ጊዜዬ።